ከደሴ ወደ ልደታ፦ ለአንዲት ነርስ ከሥራ ቦታዋ አጠገብ ቤት የፈለግንበት ጉዳይ

ታናሽ እህቴ በደሴ በነርስነት አምስት ዓመት ካገለገለች በኋላ፣ በ2017 ዓ.ም. ኅዳር አጋማሽ ላይ አዲስ አበባ ከሚገኝ አንድ የግል ሆስፒታል የቅጥር ደብዳቤ ደረሳት። ሆስፒታሉ በሜክሲኮና በልደታ መካከል የሚገኝ ሲሆን፣ ሥራ የምትጀምረው ታኅሣሥ 7 እንደሆነ በደብዳቤው ላይ ተገልጿል። ግብርና የጡረታ መዋጮ ተቀንሶ በወር በእጇ የሚገባው 14,200 ብር ነበር። እኔ ከባለቤቴና ከሁለት ልጆቼ ጋር አያት አካባቢ ስለምኖር ቤት የማፈላለጉ ሥራ በአብዛኛው በእኔ ላይ ወደቀ። ከዚያ ወዲህ ወንድም ወይም እህት ከክፍለ ሀገር የሚመጣባቸው ሦስት የሥራ ባልደረቦቼ እንዴት እንዳደረግነው ስለጠየቁኝ፣ የሆነውን ሁሉ ስህተታችንንም ጨምሬ እንደ ጉዳይ ጥናት መጻፍ ተገቢ መስሎ ታየኝ።

ጉዳዩን ከተራ ቤት ፍለጋ የሚለየው የሥራ ሰዓቷ ነው። በተመደበችበት ክፍል ነርሶች በሦስት ፈረቃ ይሠራሉ፤ እነሱ ራሳቸው ዱቲ ይሉታል። የጠዋቱ ከ2 ሰዓት እስከ 9፣ የከሰዓቱ ከ9 እስከ ማታ 3 ሰዓት፣ አዳሩ ደግሞ ከማታ 3 እስከ ጠዋት 2 ሰዓት ነው። አዳር የሚወጣ ሰው ወደ ቤቱ የሚመለሰው በጠዋት ስለሆነ ትራንስፖርት አያጣም። የሚያስቸግረው የከሰዓቱ ፈረቃ ነው፤ ሥራ አስረክቦ ከግቢ ሲወጣ ከማታው 3 ሰዓት ተኩል ይሆናል፣ ሆስፒታሉም ለሠራተኛ የሚያቀርበው ሰርቪስ የለውም። በወር ከ22 የሥራ ቀኖቿ ሰባቱ እንዲህ ዓይነት ምሽቶች እንደሚሆኑ የክፍሉ ኃላፊ በስልክ ነግራት ነበር። እነዚያ ሰባት ምሽቶች በኋላ የቤቱን ቦታ የሚወስኑ እንደሚሆኑ ግን ያኔ አላስተዋልንም።

የመጀመሪያው ስህተት የተፈጸመው እህቴ ገና ደሴ ሳለች ነው። በቴሌግራም የቤት ኪራይ ማስታወቂያ ከሚለጠፍበት አንድ ቻናል ላይ በልደታ ኮንዶሚኒየም የሚገኝ ስቱዲዮ በ7,000 ብር እንደሚከራይ የሚገልጽ ማስታወቂያ ከነፎቶግራፉ አየች። ደወለች። ስልኩን ያነሳው ሰው ሌላ ተከራይ ከሰዓት ሊያየው እንደሚመጣ፣ ቤቱ እንዲያዝላት ከፈለገች ግን 2,000 ብር በቴሌብር እንድትልክ ነገራት። ላከች። በማግስቱ ስልኩ አይነሳም፤ በሦስተኛው ቀን ቁጥሩ ጭራሽ አይሠራም። ለእኔ የነገረችኝ ከሳምንት በኋላ ነው፣ ያውም አፍራ። አስቀድማ ነግራኝ ቢሆን ኖሮ በዚያ ሰፈር ስቱዲዮ በዚያ ዋጋ እንደማይገኝ አንድ ቀን ዞሬ ማረጋገጥ እችል ነበር። ከ400 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ሆኖ ቤት የሚፈልግ ሰው ከተማው ውስጥ ያለ አንድ ዘመድ ወይም ጓደኛ በአካል ሄዶ በሩን ከፍቶ እስኪያይለት ድረስ አንድ ብር እንኳ መላክ የለበትም ብዬ የምናገረው ከዚያ ወዲህ ነው።

ታኅሣሥ 4 አዲስ አበባ ገብታ ከእኛ ጋር አረፈች። ይህ ማረፊያ ዋጋው ቀላል አልነበረም፤ ጊዜ ሰጠን። በሁለት ክፍል ቤት አምስት ሰው መሆን፣ ልጆቹም ለአክስታቸው አልጋ ለቀው መሬት ላይ መተኛታቸው አድካሚ ቢሆንም፣ ማረፊያ የሌለው ሰው ያገኘውን ቤት በመጀመሪያው ሳምንት ለመውሰድ ይገደዳል፤ ባለቤቱም ደላላውም ይህን ከፊቱ ያነቡታል። ባለቤቴ ይህን ከእኔ ቀድማ ተረድታ ስለነበር፣ እህቴ «ነገ እወጣለሁ» ባለች ቁጥር «አትቸኩይ፣ ደህና ቤት ሳታገኚ የትም አትሄጂም» ትላት ነበር።

ከአያት እስከ ልደታ ያለው መንገድ በካርታ ሲታይ ምቹ ነው። መስከረም 9 ቀን 2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር የምሥራቅ–ምዕራብ መስመሩ ከአያት ተነሥቶ በመገናኛ፣ በስታዲየም፣ በሜክሲኮና በልደታ በኩል ጦር ኃይሎች ድረስ ስለሚሄድ፣ ሳይቀያየሩ አንድ ባቡር ተሳፍረው ሥራ ቦታ ድረስ ለመድረስ ያስችላል። ይሁን እንጂ አገልግሎቱ ሲጀመር ከቀረቡት 41 ባቡሮች ብዙዎቹ በመለዋወጫ እጥረት ከሥራ ውጭ ስለሆኑ፣ ጠዋት ላይ ከአንዱ ባቡር እስከ ሌላው ያለው ጥበቃ ረጅም ነው፤ ባቡሩ ሲመጣም አያት ያልተሳፈረ ሰው ጉርድ ሾላና መገናኛ ላይ መግባት ይከብደዋል። እህቴ የጠዋት ፈረቃ ሲኖራት ከቤት የምትወጣው ከ12 ሰዓት በፊት ነበር። የምሽቱ ደግሞ ከዚህ የባሰ ነው፤ ከ3 ሰዓት ተኩል በኋላ ባቡር ማግኘቷን ማንም በእርግጠኝነት ሊነግራት ስለማይችል፣ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት አራት ጊዜ በስልክ በሚጠራ ታክሲ ተመለሰች፣ አንድ ጊዜ ደግሞ ነርሶች ክፍል ወንበር ላይ ተኝታ አደረች።

በዚህ ጊዜ ነው ቁጭ ብለን ሒሳቡን በወረቀት ላይ የሠራነው። እስከዚያ ድረስ እንደ ማንኛውም ሰው የምንጠይቀው «ኪራዩ ስንት ነው?» የሚል ጥያቄ ብቻ ነበር። በደላላና በሰው በኩል ያገኘናቸውን ዋጋዎች ጎን ለጎን ስናስቀምጥ፣ በደቡብ ምሥራቅ ዳርቻ በኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ስቱዲዮ በ5,500 ብር፣ በጀሞ ተመሳሳዩ በ8,500 ብር፣ ልደታ ኮንዶሚኒየም ግን 14,000 ብር ሆነ፤ የመጨረሻው ከደመወዟ ጋር እኩል ሊሆን ምንም ስላልቀረው ወዲያው ተሰረዘ። በኪራይ ብቻ ከታየ መልሱ ኮዬ ፈጬ ነው። ዘመዶቻችንም ይህንኑ ነበር የሚመክሩን፤ «ራሱን የቻለ ቤት፣ የራሷ ሽንት ቤት፣ በዚህ ዋጋ ከየት ይመጣል?» ይሉናል።

ወረቀቱ ግን ሌላ ነገር አሳየን። ከኮዬ ፈጬ ሥራ ቦታዋ ለመድረስ ሁለት፣ አንዳንዴም ሦስት ታክሲ መያዝ ስለሚያስፈልግ፣ ደርሶ መልስ በቀን 100 ብር ያዝን። በ15 ቀን 1,500 ብር ይሆናል። ለሰባቱ የከሰዓት ፈረቃዎች መሄጃው ብቻ 350 ብር ነው፤ የማታ መመለሻውን ደግሞ በስልክ በሚጠራ ታክሲ ዋጋ ስናሰላው በአንድ ምሽት 750 ብር፣ በሰባቱ 5,250 ብር መጣ። ከኪራዩ ጋር ሲደመር 12,600 ብር። ጀሞ ላይ በተመሳሳይ ስሌት የቀን ታክሲው ለ15 ቀን 750፣ ለሰባቱ መሄጃ 175፣ የማታ መመለሻው በ400 ብር ሒሳብ 2,800 ሆኖ ከኪራዩ ጋር 12,225 ብር ወጣ። በኪራይ የ3,000 ብር ልዩነት ያላቸው ሁለት ሰፈሮች በጠቅላላ ወጪ እኩል ሊሆኑ ምንም አልቀራቸውም፤ ሁለቱም ከደመወዟ ለምግብ እንኳ የማይበቃ ነገር ነው የሚያስተርፉላት። በዚያ ላይ በመንገድ የሚጠፋው ጊዜ አለ። ከኮዬ ፈጬ ደርሶ መልስ በቀን በትንሹ ሦስት ሰዓት ቢወስድ በወር 66 ሰዓት ነው፤ ይህ አንዲት ነርስ ከስምንት ቀን በላይ የምትሠራበት ሰዓት ማለት ነው፣ ማንም የማይከፍላት።

ስለዚህ ጥያቄውን ቀየርን። በእግር ወደ ሥራ ሊያስኬድ የሚችል፣ ከ7,000 ብር ያልበለጠ፣ በሌሊትም ሊገባበት የሚቻል ማንኛውም ክፍል እንዲሆን ተስማማን፤ ራሱን የቻለ መሆኑ ቀረ። ይህን መተው ለእህቴ ቀላል አልነበረም፤ ደሴ የነበራት ቤት ጠባብ ቢሆንም ውኃ ከቧንቧው የማይጠፋና የራሷ ማድ ቤት ያለው ነበር።

የፈለግንበት ወቅት አስቸጋሪ ነበር። በ2016 ፒያሳ፣ በ2017 መጀመሪያ ደግሞ ካዛንቺስ ለኮሪደር ልማትና ለመልሶ ማልማት ሲፈርሱ፣ በእነዚያ ሰፈሮች በግለሰብ ቤት ተከራይተው ይኖሩ የነበሩ ብዙ ሰዎች ለመሀል ከተማ ቅርብ የሆነ ክፍል በአንድ ጊዜ ይፈልጉ ጀመር። ጠዋት የሰማነው ክፍል ከሰዓት ተይዞ እናገኘዋለን። ለሁለት ደላሎች ነገርን፤ አንደኛው ገና ቤት ሳያሳየን ለማሳያ 300 ብር ስለጠየቀ ተውነው፣ ሁለተኛው የሚከፈለው ቤቱ ከተያዘ ብቻ እንደሆነ ተስማማ።

ያየናቸውን ዘጠኝ ክፍሎች ሁሉ መዘርዘር አያስፈልግም። አንዱ ግን መነገር አለበት። ከሆስፒታሉ በእግር አሥር ደቂቃ የሚሆን፣ በቅርቡ ቀለም የተቀባ፣ በ5,000 ብር የሚከራይ ክፍል አገኘን፤ እህቴም ዕለቱን ዕቃዋን ልታመጣ ተነሣች። የውሉን ጉዳይ ስናነሳ አከራዩ ውል መጻፍ እንደማይፈልግ፣ ጎረቤት ከጠየቀ ደግሞ የእህቱ ልጅ ነኝ እንድትል ነገራት። ምክንያቱን ስንጠይቅ ቤቱ የቀበሌ ቤት እንደሆነ ወጣ። የቀበሌ ቤት ተከራይ ቤቱን መልሶ ለሌላ ሰው ማከራየት የተከለከለ ነው፤ እንዲህ ያለ ክፍል ውስጥ የገባ ሰው በማንኛውም ቀን ቢወጣ የሚከራከርበት ወረቀት የለውም። ሰውየው መጥፎ ሰው አይመስለኝም፣ እሱም የሚበላው አጥቶ ነው። ነገር ግን ለሥራዋ አዲስ የሆነች፣ የሙከራ ጊዜዋን ያልጨረሰች ሴት በስውር በምትኖርበት ቤት ተረጋግታ ልትሠራ አትችልም ብዬ ስለማምን ትተን ወጣን።

በመጨረሻ የተያዘው ክፍል አብነት አካባቢ ነው። ሰፊ ግቢ ውስጥ ከዋናው ቤት ጀርባ በተርታ ከተሠሩት ሦስት ሰርቪስ ክፍሎች አንዱ ሲሆን፣ ሦስት በአራት ሜትር ይሆናል፤ ሽንት ቤቱ የጋራ ነው፣ ውኃ በሳምንት ሁለት ቀን ይመጣል። ኪራዩ 6,500 ብር። ባለቤቷ ልጆቻቸው ውጭ አገር ያሉ፣ ብቻቸውን የሚኖሩ እናት ናቸው፤ ሰፈሩ ሁሉ እማማ ይላቸዋል፣ እኛም እንዲሁ እንላቸዋለን።

ከመስማማታችን በፊት አንድ ነገር አደረግን፣ አሁንም ያደረግነው ትክክል ነበር እላለሁ። እህቴ የከሰዓት ፈረቃ ባላት አንድ ማታ ሆስፒታሉ በር ላይ ጠብቄያት እስከ ግቢው ድረስ በእግር ሄድን። 22 ደቂቃ ወሰደ። ሁለት መንገድ ነበረ፤ አቋራጩ በውስጥ ለውስጥ የሚሄደው አሥራ ስድስት ደቂቃ ብቻ ቢፈጅም መብራት የሌለውና በሌሊት ሰው የማይታይበት ነው፣ በዋናው መንገድ ግን ሱቆችና ፋርማሲዎች ክፍት ነበሩ፣ ታክሲ ጠባቂም አይጠፋም። ግቢው ጋ ስንደርስ የውጭው በር ከውስጥ ተቀርቅሮ አገኘነው። እማማ በ3 ሰዓት ይቆልፋሉ። ቀን ላይ ቤቱን ሦስት ጊዜ አይተነው ይህን አላወቅንም ነበር፤ ሥራዋ በሚያልቅበት ሰዓት ባንሄድ ኖሮ የምናውቀው ከገባች በኋላ፣ በሌሊት ደጅ ቆማ ነበር።

ድርድሩ ሁለት ቅዳሜ ፈጀ። እማማ የስድስት ወር ኪራይ በቅድሚያ፣ በቃል ብቻ፣ ያለ ውል ነበር የፈለጉት። የተወካዮች ምክር ቤት መጋቢት 24 ቀን 2016 ዓ.ም. ያጸደቀው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ግን የኪራይ ውል በጽሑፍ እንዲሆንና በተቆጣጣሪው አካል ዘንድ እንዲመዘገብ፣ ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር እንዳይበልጥ፣ ውሉም ከሁለት ዓመት ላላነሰ ጊዜ እንዲሆን ይደነግጋል፤ ኪራይ የሚጨምረውም ተቆጣጣሪው በዓመት አንድ ጊዜ በሚያወጣው መጠን ነው። እኔ ይህን አዋጅ በስልኬ ይዤ ሄጄ ነበር። ስልኬን አውጥቼ ማንበብ ስጀምር እማማ ፊታቸው ተለወጠ፤ ያ ቅዳሜ በዚያው አበቃ። አሁን ሳስበው ሕጉን እንደ ዱላ ነበር ያነሳሁት።

በሁለተኛው ቅዳሜ እህቴ ራሷ ተናገረች። «እማማ፣ ስድስት ወሩን ለምን ፈለጉት?» ብላ ጠየቀቻቸው። ያኔ ነው ነገሩ የተገለጠው። ከእሷ በፊት የነበረው ተከራይ የሦስት ወር የመብራት ሒሳብና የሁለት ወር ኪራይ ሳይከፍል ሌሊት ዕቃውን ጭኖ ጠፍቷል። «ልጄ፣ ወረቀትማ ግብር ብለው እንዳይመጡብኝ ፈርቼ ነው። ገንዘቡን የምፈልገው ግን ሰው ስላሳፈረኝ ነው» አሉ። እህቴም፣ «እኔም የምፈራው ጥር ገብቼ ሰኔ ላይ ውጪ እንዳይሉኝ ነው» አለቻቸው። ሁለቱም የሚፈሩት አንድ ዓይነት ነገር መሆኑን ያየሁት እዚያ ነው፤ ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ለእያንዳንዱ ፍርሃት ማስያዣ ማግኘት ብቻ ሆነ።

ለጠፋው ተከራይ ፍርሃት፣ እኔ ተያዥ ሆኜ ውሉ ላይ ፈረምኩ፣ የእህቴ የቅጥር ደብዳቤ ቅጂም ተያያዘ። ለመብራቱ፣ ለእሷ ክፍል ብቻ የሚቆጥር ትንሽ ቆጣሪ በእኛ ወጪ ተገጠመ። ለግብሩ ፍርሃት ልናደርግ የምንችለው ነገር አልነበረም፤ እማማ የተረጋጉት ወረዳ ሄደው ጠይቀው ከተመለሱ በኋላ ነው፣ እዚያ ምን እንደተባሉም አልጠየቅናቸውም። ከእኛ በኩል ደግሞ ቅድሚያው ሁለት ወር፣ 13,000 ብር ሆነ፤ ኪራዩ በየወሩ በባንክ ሒሳባቸው እንዲገባ፣ ተከራይዋ መልቀቅ ከፈለገች የሁለት ወር ማስታወቂያ እንድትሰጥ፣ የውጭው በር ቁልፍ ቅጂም እንዲኖራትና በሥራዋ ምክንያት በማንኛውም ሰዓት መግባት እንድትችል በውሉ ተጻፈ። ይህ የመጨረሻው አንቀጽ ለእኔ ከሁሉ የሚበልጠው ነው። የትኛውም የተዘጋጀ የውል ቅጽ ውስጥ አይገኝም፤ የሚገኘው የተከራዩን የሥራ ሰዓት ከሚያውቅ ሰው ብቻ ነው።

ደላላው በዚህ አልተደሰተም። ኮሚሽኑን የተነጋገርነው ከቅድሚያ ክፍያው አሥር በመቶ ብለን ስለነበር፣ ስድስት ወር ቢከፈል 3,900 ብር ያገኝ የነበረው በሁለት ወር 1,300 ብር ሆነበት። እማማን ስድስት ወር እንዲጠይቁ ይገፋፋቸው እንደነበርም ከእሳቸው ሰማን። ሰውየው ለሥራው ሊከፈለው ይገባል፤ ኮሚሽን ግን በአንድ ወር ኪራይ ላይ ተመሥርቶ አስቀድሞ ቢቆረጥ ኖሮ በድርድሩ ውስጥ ከእኛ በተቃራኒ የሚቆምበት ምክንያት ባልነበረው።

ውሉ ጥር 18 ቀን 2017 ዓ.ም. ተፈረመ፤ በሚቀጥለው ሳምንት እማማ የይዞታ ማረጋገጫቸውን፣ እህቴ መታወቂያዋን ይዘው ወረዳው ጽሕፈት ቤት ተመዘገበ። ከመፈረሙ በፊት አካባቢው በቅርቡ ለልማት የሚነሣ መሆን አለመሆኑንም እዚያው ጠይቀን ነበር፤ በያዝነው ዓመት ዕቅድ ውስጥ የለም ተባልን። ከዚህ የበለጠ ዋስትና ማንም አልሰጠንም።

ይህን ስጽፍ እህቴ በክፍሉ ውስጥ ስምንት ወር ሆኗታል። ኪራይ፣ መብራትና የውኃ ድርሻ ተደምሮ በወር የሚወጣው 6,750 ብር አካባቢ ሲሆን፣ ለጀሞ ካሰላነው ጋር ሲነጻጸር በየወሩ ወደ 5,475 ብር ይቀርላታል፤ ከእሱም ለእናታችን ትልካለች። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ክረምት ላይ ኃይለኛ ዝናብ በጣለበት ማታ፣ ታክሲ ጠርታ ገብታለች።

ያልተፈታው የውኃው ጉዳይ ነው። በሳምንት ሁለት ቀን የሚመጣው ውኃ ብዙ ጊዜ የሚለቀቀው ጠዋት እሷ ሥራ ላይ ስትሆን ነው፤ አዳር ገብታ ስትመለስም ጀሪካኗ ባዶ ሆኖ ታገኘዋለች። ሐምሌ ላይ ከእማማ ጋር ተነጋግረው 500 ሊትር የሚይዝ ሮቶ ግማሽ በግማሽ ገዙ። ውሉ ጥር 2019 ሲያበቃ ሮቶው የማን ይሆናል የሚለው ላይ ለጥቂት ቀናት ሳይስማሙ ቆዩ፤ በመጨረሻ እህቴ ስትወጣ እማማ የከፈለችውን ግማሽ እንደሚመልሱላትና ሮቶው በግቢው እንደሚቀር ተስማምተው፣ ይህንኑ በውሉ ጀርባ ላይ ጽፈው ሁለቱም ፈረሙበት። እኔ በዚያ ቀን አልነበርኩም፣ ወረቀቱን ያሳየችኝ በኋላ ነው።